ቡም መርጫ ስታሰናዱ፦ የኖዝል ርቀትና ከፍታ አብረው ይሂዱ

ከአቃቂ እስከ ዱከም፣ ከሰንዳፋ እስከ ሆለታ ባለው ሜዳ ስንዴ የዘራ ሰው የጀርባ መርጫ ትከሻ ላይ የሚያደርሰውን ያውቃል። በሄክታር 200 ሊትር ውሃ ይዳረስ ከተባለ፣ ባለ 16 ሊትሯን መርጫ 12 ጊዜ ተኩል መሙላት ነው። ያውም በሐምሌ ጭቃ። ስለዚህ ትራክተር ያለውም ሆነ የሚከራየው ሰው ቡም ያምረዋል። ቡም ማለት ከትራክተሩ ኋላ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ክንድ ነው። ክንዱ ላይ ኖዝሎች፣ ማለትም ውሃውን በትነው የሚያወጡ ትንንሽ አፎች፣ ተደርድረው ሰፊ መሬት በአንድ ጊዜ ይረጫሉ።

ታዲያ ብዙ ሰው ገንዘቡንም ሐሳቡንም ፓምፑ ላይ ያፈሰዋል። «ጉልበት ያለው ፓምፕ ካለ መድኃኒቱ ሁሉም ጋ ይደርሳል» ይባላል። አይደርስም። ግፊት ሲጨምር ጠብታው ይደቅና ነፋስ ይወስደዋል። የሚበዛው ጭጋግ ነው። መድኃኒቱን እኩል የሚያዳርሰው በኖዝሎቹ መካከል ያለው ርቀትና ኖዝሉ ከተክሉ በላይ ያለው ከፍታ ነው። ሁለቱ ደግሞ አይነጣጠሉም። አንዱን ቀይራችሁ ሌላውን ከረሳችሁ፣ ፓምፑ የጣልያንም ይሁን የቻይና ማሳው ላይ መድኃኒት በደንብ ያልደረሰው መስመር መውጣቱ አይቀርም።

እዚህ የማሳያችሁ 6 ሜትር የሚሸፍን፣ 12 ኖዝል ያለው፣ 400 ሊትር ታንከር የሚሸከም ቡም ነው። በአነስተኛ ማሳ ላይ ለመዞር ይመቻል። ሰፈር ውስጥ ባለ ብየዳ ቤትም ይሠራል።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ

በያጁ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ቡሙን ወረቀት ላይ ሳሉት። መሀሉን ዜሮ በሉት። ከዜሮ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የኖዝሎቹ ቦታ በሳንቲ ሜትር 25፣ 75፣ 125፣ 175፣ 225፣ 275 ነው። ክንዱ 300 ላይ ያበቃል። በአንድ ጎን 6፣ በሁለቱም 12 ኖዝል ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። 12 ኖዝል በመካከላቸው ያላቸው ክፍተት 11 ነው። 11 ሲባዛ በ50 ደግሞ 5 ሜትር ተኩል ይመጣል። ታዲያ 6 ሜትሩ ከየት መጣ? ከሁለቱ ጫፎች ነው። የመጨረሻው ኖዝል ከራሱ አልፎ 25 ሳንቲ ይሸፍናል። ተመልሳችሁ ስትመጡ የቀጣዩ ጉዞ ጫፍ ኖዝልም የራሱን 25 ይሸፍናል። በሁለቱ ጉዞ ጫፍ ኖዝሎች መካከል ያለው ርቀት እንደገና 50 ሳንቲ ሆነ ማለት ነው። ይህን ልብ ያላለ ሰው የመጀመሪያውን ኖዝል ክንዱ ጫፍ ላይ፣ ልክ 300 ላይ ይተክላል። ከዚያ መካከሉን በግምት ያካፍላል። ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚያው ነው።

ክንዱ ለመንገድ መታጠፍ አለበት። ማጠፊያውን ከመሀል 100 ሳንቲ ላይ አድርጉት። 100 ቁጥሩ በ75 እና በ125 መካከል እኩል ነው፤ ስለዚህ ማጠፊያው ኖዝል አይነካም። መካከለኛው ክፍል 2 ሜትር፣ ሁለቱ ክንፎችም እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ይሆናሉ። በየክፍሉ 4 ኖዝል። ሦስቱን ክፍሎች በየራሳቸው መዝጊያ ካደረጋችሁላቸው ደግሞ ማሳው ጫፍ ላይ ሲጠብ የግራውን ወይም የቀኙን ብቻ መዝጋት ትችላላችሁ።

ብረቱና ውሃው

ለክንዱ ቱቦላሬ ይበቃል። ግን ቀጭን አትምረጡ። ክንፉ ሲንገጫገጭ ጫፉ ላይ የሚታየው መወዛወዝ ከመሀሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከመሀሉ ምሰሶ አናት ወደ ክንፎቹ ጫፍ የብረት ገመድ ወጥሩ። ማጠፊያው ላይ ሞላ ብታስገቡበት ክንፉ ጉቶ ወይም የአጥር እንጨት ሲመታ ወደ ኋላ ይሸሽና ይመለሳል። ከሌለው ይሰበራል፤ ስብራቱ ደግሞ ሁልጊዜ በሥራው መሀል ነው።

ውሃውን በቱቦላሬው ውስጥ ለማሳለፍ አትሞክሩ። ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱ ኖዝል ይዘጋል። ክንዱ ይሸከም፣ ውሃው በጎማ ይሂድ። የኖዝል ቤቶቹን በማቀፊያ ክንዱ ላይ እሰሩና ከአንዱ ወደ ሌላው በጎማ አያይዟቸው። ጎማው የሚገባበት ሁሉ ላይ ፋሸታ ይጥበቅ። ከፓምፑ የሚመጣው ጎማ እያንዳንዱን ክፍል ከመሀሉ ይመግበው፤ ከአንድ ጫፍ ከገባ የመጨረሻው ኖዝል ግፊት ያንሰዋል።

የኖዝል ቤት ስትገዙ ማንጠባጠብ የሚከለክል ላስቲክና ሞላ ያለውን ምረጡ። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። ነገር ግን ውሃውን ስትዘጉ ወዲያው ይዘጋል። የሌለው ግን ማዞሪያው ላይ ቆማችሁ ሳለ ጠብ ጠብ እያለ አንድ ቦታ ያለውን ሰብል ያቃጥላል።

ፓምፑ ስንት ሊትር መግፋት እንዳለበት ማስላት ቀላል ነው። አንዱ ኖዝል በደቂቃ 1 ሊትር ቢረጭ፣ 12ቱ 12 ሊትር ይፈልጋሉ። ታንከሩ ውስጥ መድኃኒቱ እንዳይዘቅጥ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያማስል ውሃ ደግሞ ያስፈልጋል። ይህም የታንከሩን 5 በመቶ ገደማ በደቂቃ ነው፤ ለ400 ሊትር 20 ሊትር መሆኑ ነው። ድምሩ 32። ፓምፕ እያረጀ ስለሚደክም መጠባበቂያ ጨምሩበትና በደቂቃ 40 ሊትር የሚገፋ ፈልጉ። በትራክተሩ ፒቲኦ (ከኋላው ባለው የሚዞር ዘንግ) የሚሽከረከር፣ በደቂቃ በ540 ዙር የሚሠራ ዲያፍራም ፓምፕ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ምናለሽ ተራ ያገለገለ ታገኙ ይሆናል። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ውሃ እየገፋ እዩት።

አንድ የኛ አገር ነገር ልጨምር። ሱሉልታና ሰንዳፋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። አየሩ ስስ ነው። ፓምፕ ውሃ ወደ ላይ የመሳብ አቅሙ እዚህ ከቆላው ያንሳል። ስለዚህ ታንከሩ ከፓምፑ በላይ ይቀመጥ፤ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ፓምፑ ይውረድ። የመሳቢያው ጎማ አጭርና ሰፊ ይሁን።

ወንፊት በሦስት ቦታ ይኑር፦ ታንከሩ አፍ ላይ፣ ከፓምፑ በፊት፣ ኖዝሉ ውስጥ። ውሃ ከወንዝ ወይም ከኩሬ የምትቀዱ ከሆነ ጭቃው እንዲረጋ በርሜል ውስጥ አሳድሩት። ጭቃ ያለበት ውሃ ኖዝል መዝጋቱ ብቻ አይደለም። ግላይፎሴትን የመሰለ ፀረ አረም ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ይጣበቅና ኃይሉን ያጣል።

አሁን ሜትሩን አውጡ

ክንዱን ዘርግታችሁ ጠፍጣፋ መሬት ላይ አስቀምጡት። መሀሉን ፈልጋችሁ በመጋዝ ጫፍ ትንሽ ጫሩት። ቀለም ወይም ጠመኔ አይሁን። የጠመኔ መስመር ራሱ ውፍረት አለው፤ ከዚያም በእጅ ይጠፋል።

የሜትሩን ጫፍ መሀሉ ላይ ይዛችሁ እስከ 3 ሜትር ዘርጉትና በዚያው አንድ ዝርጋታ ስድስቱንም ቦታ ምልክት አድርጉ፤ 25፣ 75፣ 125፣ 175፣ 225፣ 275። ሜትሩን ሳታነሱ። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ዙሩ።

በያጁ ሊቸኩል ይችላል። አንዱን ኖዝል ይተክልና ከእሱ 50 ለክቶ ቀጣዩን፣ ከእዚያም 50 ለክቶ ቀጣዩን መትከል ይቀለዋል። «ጋሼ፣ አንድ ሳንቲ ምን ያመጣል? በዓይን እኮ እኩል ነው» ቢላችሁ አትስሙት። በየልኬቱ አንድ ሳንቲ ከሳተ ስህተቱ ይከማቻል። ስድስተኛው ኖዝል ጋ ሲደርስ 5 ሳንቲ ገደማ ተንሸራትቷል። በሌላው ጎንም ወደ ተቃራኒው ከተንሸራተተ ሽፋናችሁ 6 ሜትር ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። ከመሀል የተለካ ግን የአንዱ ስህተት ወደ ሌላው አይሻገርም።

ኖዝሎቹን ካሰራችሁ በኋላ እንደገና ለኩ። የሚለካው ከማቀፊያው አይደለም። ውሃው ከሚወጣበት ቀዳዳ እስከ ቀጣዩ ቀዳዳ ነው። የተጣመመ የኖዝል ቤት ማቀፊያው ትክክል ቢሆንም ቀዳዳው 2 ሳንቲ ወደ ጎን ሊሄድ ይችላል። ውሃ ልክ አምጥታችሁም ቡሙ አግድም መሆኑን እዩ። ሁሉም ኖዝል ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይመልከት።

የትኛው ኖዝል?

ከጀርባ መርጫ ጋር የሚመጣው ክብ የሚረጭ ኖዝል ለቡም አይሆንም። ክብ እየሠራ መሀሉን ባዶ ይተዋል። ለቲማቲምና ለሽንኩርት ቅጠል ጥሩ ነው፤ ጎን ለጎን ሲደረደር ግን እኩል ሽፋን አይሰጥም። ለቡም የሚሆነው ማራገቢያ መስሎ የሚዘረጋው ጠፍጣፋ ኖዝል ነው።

ኖዝሉ ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 11003። የፊቱ 110 የውሃው መዘርጊያ ማዕዘን ነው፤ 110 ዲግሪ። የኋላው 03 መጠኑ ነው። ቀለሙም የሚነግራችሁ መጠኑን ነው፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተስማሙበት ነው። 01 ብርቱካን፣ 015 አረንጓዴ፣ 02 ቢጫ፣ 03 ሰማያዊ፣ 04 ቀይ፣ 05 ቡናማ። በ3 ባር ግፊት ቢጫው በደቂቃ 0.8 ሊትር ገደማ ይረጫል፤ ሰማያዊው 1.2፤ ቀዩ 1.6። ደረጃውን ያልጠበቀ እቃ ገበያ ላይ ስላለ ግን ቀለሙን ብቻ አትመኑ። ለክታችሁ እመኑ።

12ቱም አንድ ማዕዘን፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ሥሪት ይሁኑ። አንድ ሲጠፋ «ይሄም ሰማያዊ ነው» ብላችሁ ባለ 80 ዲግሪ መሀል ላይ ብትሰኩ፣ ከሱ ግራና ቀኝ የሳሳ መስመር ይከተላችኋል። ስትገዙ 15 ግዙ። ሦስቱ የመሳሪያ ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ።

ኖዝሉ ሲገጠም ማራገቢያው ከክንዱ ጋር ሙሉ በሙሉ ትይዩ አይሁን። 10 ዲግሪ ያህል ዘወር ይበል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። ትይዩ ከሆነ የጎረቤታሞቹ ውሃ አየር ላይ ይጋጭና ትልልቅ ጠብታ ሆኖ ይወድቃል። ሩብ ዙር ዞሮ የሚቆልፍ ክዳን ካለው ይህን በራሱ ያስተካክላል። በዳዶ የሚጠብቅ ከሆነ ግን እጃችሁ ነው የሚወስነው። ከክንዱ ጫፍ ቆማችሁ፣ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ሰልፉን እዩ። የተሳሳተው ወዲያው ይለያል።

ከፍታው

ይህን ክፍል ዘልላችሁ ሌላውን ሁሉ በትክክል ብትሠሩ ዋጋ የለውም።

ጠፍጣፋ ኖዝል መሀሉ ላይ ብዙ ይረጫል፤ ወደ ጫፎቹ እየሳሳ ይሄዳል። የአንዱ የሳሳ ጫፍ በሌላው ላይ ተደርቦ ነው እኩል የሚሆነው። ለዚህ የእያንዳንዱ ኖዝል ርጭት ቢያንስ ጎረቤቱ ቆሞ ካለበት ድረስ መድረስ አለበት። ስለዚህ ባለ 110 ዲግሪ ኖዝል በ50 ሳንቲ ርቀት ሲደረደር ከፍታው 50 ሳንቲ ይሁን። ባለ 80 ዲግሪው ጠበብ ስለሚል 75 ሳንቲ ከፍ ማለት አለበት። በማሳችን ነፋስ ይበዛል፤ ኖዝሉ ዝቅ ባለ ቁጥር ነፋስ የሚወስደው ያንሳል። እኔ 110ን የምመርጠው ለዚህ ነው።

50 ሳንቲው ከየት ይለካል? ከመሬት አይደለም። ከኖዝሉ ጫፍ እስከሚረጨው ነገር አናት ነው። ስንዴው 20 ሳንቲ ከሆነ ኖዝሉ ከመሬት 70 ላይ ይሆናል። ለዋግ የምትረጩ ከሆነ ደግሞ ስንዴው ወደ ወገብ እየተጠጋ ነውና ቡሙን ከፍ አድርጉ። ስለዚህ ክንዱ ከትራክተሩ ጋር የሚያያዝበት ምሰሶ ላይ በየ10 ሳንቲው ቀዳዳ ይኑርበት። ብሎኑን አውጥቶ ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው።

ሾፌሩ በየደቂቃው እየወረደ አይለካም። ስለዚህ ሲባጎ ቁረጡ። አንዱን ጫፍ ክንዱ ላይ እሰሩ፤ በሌላው ላይ አንድ ዳዶ አንጠልጥሉ፤ ከኖዝሉ ጫፍ እስከ ዳዶው ታች 50 ሳንቲ ይሁን። እንዲህ ያለ ሲባጎ በግራ ጫፍ፣ በቀኝ ጫፍና መሀል ይንጠልጠል። ዳዶው የሰብሉን አናት ነካ ነካ እያደረገ ከሄደ ልክ ነው። ሰብሉ ውስጥ ገብቶ ከጠፋ ቡሙ ወርዷል። አየር ላይ ከተንሳፈፈ ወጥቷል። ሾፌሩ ዞር ብሎ ሲያይ ይገባዋል።

መሬቱ መረሬ ከሆነ አንድ ጎማ ሲሰምጥ አንዱ ክንፍ ይወርዳል፣ ሌላው ይሰቀላል። በክረምት አጋማሽ ይህን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም። ዝናብ ካባራ ቀን ጠብቁ፣ ታንከሩን ግማሽ ሙሉ፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ከሁለት ክፉ ደግሞ ከፍ ያለው ይሻላል። 10 ሳንቲ ከፍ ቢል ሽፋኑ አሁንም እኩል ነው፤ 20 ሳንቲ ከወረደ ግን መስመር ይሠራል።

ውሃ ብቻ ሞልታችሁ ፈትሹ

መድኃኒት ታንከሩ አካባቢ አይድረስ ገና። ንጹህ ውሃ ሙሉ። ኖዝሎቹን አውልቃችሁ ውሃውን ልቀቁት፤ የብየዳው ብናኝና የጎማው ፍርፋሪ ይውጣ። ከዚያ ኖዝሎቹን መልሱ።

ግፊቱን 2 ባር ላይ አድርጉና እያንዳንዱን ኖዝል ለአንድ ደቂቃ ወደ ጆግ ተቀበሉ። የስልካችሁ ሰዓት ይበቃል። ጆጉ መስመር ከሌለው በዲጂታል ሚዛን መዝኑት፤ 1 ኪሎ ውሃ 1 ሊትር ነው። የጆጉን ክብደት መቀነስ አትርሱ። 12ቱንም ጻፉ፤ አማካዩን አውጡ። ከአማካዩ ከ5 በመቶ በላይ የወጣውን እዩት። አማካዩ 1 ሊትር ሆኖ አንዱ 0.82 ካመጣ ተዘግቷል። 1.16 ካመጣ አርጅቷል፤ ቀዳዳው ሰፍቷል። አዲሱ ኖዝል ከሚረጨው ከ10 በመቶ በላይ የሚረጭ ኖዝል ይጣል። የነሐስ ኖዝል ቶሎ ይበላል፤ የማይዝግ ብረትና ሴራሚክ ይቆያሉ።

የተዘጋውን በሽቦ ወይም በመርፌ አትጎርጉሩት። ቀዳዳው አንዴ ከተጫረ አለቀ። በአፍ መንፋትማ ጭራሽ አይታሰብ። ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ውሃ ይበቃል።

ሁለተኛው ፈተና ቆርቆሮ ነው። ይህን እወደዋለሁ፤ ወጪ የለውም፣ ነገሩን ደግሞ በዓይን ያሳያል። ነፋስ የሌለበት ግቢ ፈልጉ። ሁለት የጣሪያ ቆርቆሮ ጎን ለጎን ደርባችሁ ከመሀለኞቹ ኖዝሎች ሥር አንጥፉ። ቦዮቹ ከክንዱ ጋር መስቀለኛ ይሁኑ። አንዱን ጫፍ በብሎኬት ከፍ አድርጉት። በዝቅተኛው ጫፍ በየቦዩ አፍ አንድ ዓይነት የሻይ ብርጭቆ ደርድሩ። ኖዝሉ ከቆርቆሮው በላይ 50 ሳንቲ ይሁን። ውሃውን ልቀቁና አንዱ ብርጭቆ እየሞላ ሲመጣ ዝጉ።

ብርጭቆዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ እኩል ከሆነ ጥሩ። ኖዝሉ ሥር ያሉት ሞልተው በመካከል ያሉት ከጎደሉ ቡሙ ዝቅ ብሏል። 10 ሳንቲ ከፍ አድርጋችሁ ድገሙት፤ ልዩነቱን እዚያው ታዩታላችሁ። በአንድ ኖዝል ሥር ብቻ ተራራ ከተሠራ ያን ኖዝል አውጡት። ክንዱ ጫፍ ላይ ያለውን አትፈትሹ፤ እዚያ የሚደርብለት ስለሌለ መሳሳቱ የተፈጥሮው ነው።

ፍጥነትና ስሌት

ፍጥነት የሚለካው ማሳው ላይ እንጂ አስፋልት ላይ አይደለም። በ50 ሜትር ርቀት ሁለት ካስማ ትከሉ። ታንከሩን ግማሽ ሙሉ። ፒቲኦው 540 የሚዞርበትን የሞተር ዙር ያዙና ማርሹን መርጣችሁ ንዱ። ካስማው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ፍጥነቱ መያዝ አለበት። የፈጀውን ሰከንድ ያዙ። 180ን ለሰከንዱ ስታካፍሉ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄዱ ይነግራችኋል። 30 ሰከንድ ከሆነ 6 ኪሎ ሜትር ነው። 36 ከሆነ 5።

አሁን እያንዳንዱ ኖዝል በደቂቃ ስንት ሊትር ይርጭ? ርቀቱ 50 ሳንቲ ለሆነ ቡም ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በሄክታር የምትፈልጉት ሊትር ሲባዛ በፍጥነቱ፣ ሲካፈል ለ1,200። መድኃኒቱ ላይ 200 ሊትር ውሃ ይላል እንበል። ፍጥነታችሁ 6። 200 በ6 ሲባዛ 1,200፤ ለ1,200 ሲካፈል 1። እያንዳንዱ ኖዝል በደቂቃ 1 ሊትር ይርጭ ማለት ነው። ሰማያዊው ኖዝል ከ2 ባር ትንሽ አለፍ ሲል ይህን ይሰጣል።

ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በግፊት አስተካክሉ። ብዙ ከሆነ ኖዝል ቀይሩ። ርጭቱን እጥፍ ለማድረግ ግፊቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ በግፊት ብዙ ርቀት አይኬድም።

ማረጋገጫው ይኸው፦ ታንከሩ ላይ የውሃውን ልክ በማርከር ምልክት አድርጉ። 100 ሜትር እየረጫችሁ ሂዱ። 6 ሜትር በ100 ሜትር 600 ካሬ ነው፤ የሄክታር 6 በመቶ። 12 ሊትር መጉደል አለበት። እስከ ምልክቱ መልሳችሁ ለመሙላት 12 ሊትር ከፈጀ ደርሳችኋል። ያኔ 400 ሊትሩ ታንከር 2 ሄክታር፣ በኛ አቆጣጠር ስምንት ጥማድ ገደማ ይሸፍናል። መድኃኒቱ በሄክታር ግማሽ ሊትር ይላል እንበል፤ ለአንድ ታንከር 1 ሊትር ነው። «ትንሽ ጨመር ላድርግበት» የሚባል ነገር የለም።

ማሳው ላይ

ማሳው ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ያሰረ እንጨት ትከሉ። የመጀመሪያው ከዳር 3 ሜትር ላይ፣ ከዚያ 9፣ 15፣ 21፣ እንዲህ በየ6 ሜትሩ። ትራክተሩ አፍንጫውን ጨርቁ ላይ አድርጎ ይነዳ። በግምት የሚነዳ ሾፌር፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ አንዱን ጋ ይደርባል፤ አንዱን ጋ ይዘላል። ሲዞር ይዝጋ።

ነፋስ። የአቃቂና የዱከም ሜዳ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚነፍስ ታውቁታላችሁ። ቱ ፎር ዲ የተባለውን ቅጠለ ሰፊ አረም ማጥፊያ የምትረጩ ከሆነና የጎረቤት ምስርና ሽምብራ አጠገባችሁ ካለ ጉዳዩ የሽማግሌ ጉዳይ ይሆናል። ቲማቲምም አይችለውም። ጠዋት እርጩ። ግን ጭር ያለ ጠዋት ሁሉ ጥሩ አይደለም። የኩበቱ ጭስ ከየቤቱ ወጥቶ ወደ ላይ መሄድ ሲገባው ጣሪያው ላይ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ከቆመ፣ አየሩ ታፍኗል ማለት ነው። ደቃቁ ጠብታም እንደዚያው ተንሳፍፎ ሳይወድቅ ሩቅ ይሄዳል። ፀሐይ ትንሽ ሞቅ አድርጋው ጭሱ መነሳት ሲጀምር ቀጥሉ። ተባይ ማጥፊያ ከሆነ የምትረጩት ደግሞ ቀፎ ላለው ጎረቤት ቀድማችሁ ንገሩ፤ ያበበ ሰብል ላይ ንብ ስትሠራ አትርጩ።

ጓንት፣ ቦቲ፣ መነጽርና ማስክ ይደረግ፤ በተለይ ያልተበረዘውን መድኃኒት ስትቀዱ። ባዶውን ጀሪካን ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ እጣቢውን ታንከሩ ውስጥ ጨምሩት። ከዚያ ጀሪካኑን ብሱት። ካልተበሳ አንድ ቀን ዘይት ወይም ውሃ ይቀዳበታል።

ሲጨርሱ ታንከሩን፣ ጎማውን፣ ኖዝሉን በንጹህ ውሃ ሦስት ጊዜ ማጠብ ነው፤ እጣቢውም ወንዝ ዳር ሳይሆን እዚያው የተረጨው ማሳ ላይ ይረጫል። ቱ ፎር ዲ የረጨ መርጫ ሳይታጠብ ምስር ላይ ከወጣ ምስሩን ደህና ሰንብት በሉት።

መስመር ከወጣ

ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ማሳው ላይ ያልሞተ አረም በመስመር ቆሞ ካገኛችሁት፣ ሜትር ይዛችሁ ግቡ። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ጥፋቱን ይነግራችኋል።

በየ50 ሳንቲው ቀጭን መስመር ከሆነ ቡሙ ዝቅ ብሎ ነበር፤ መደራረብ አልቻለም። በየ6 ሜትሩ አንድ መስመር ካለ ሾፌሩ ጉዞዎቹን አራርቋል። መስመሩ በአንድ ዳር እየተገናኘ በሌላው ዳር የሚሰፋ ከሆነም ያው የሾፌሩ ነው፤ ቀጥ ብሎ አልነዳም። ሄዶ ሲመለስ የሚፈጠር መስመር፣ በመካከሉ ያለው ርቀት አንድ ጊዜ ጠበብ አንድ ጊዜ ሰፋ እያለ የሚደጋገም ከሆነ፣ አንድ ኖዝል ተዘግቷል ማለት ነው፤ ቡሙ ሲዞር የተዘጋው ኖዝል ጎን ይቀይራልና። በቡሙ ጫፍ አካባቢ ብቻ የተበጣጠሰ ነጠብጣብ ከሆነ ክንፉ ይወዛወዝ ነበር፤ ገመዱን አጥብቁ፣ ፍጥነት ቀንሱ። መስመሩ በጎማው ዱካ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የኖዝል አይደለም። ጎማው አረሙን ጭቃ ቀብቶት ነው፤ ጭቃ የተቀባ ቅጠል ላይ መድኃኒት አይሠራም። እሱን ቦታ የጀርባ መርጫዋን አውርዳችሁ ለብቻው እርጩት።